ያው ቫይረስ ነው ወይስ ሌላ?

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን አንድ አጭር ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱን ለማግኘት ላቦራቶሪ፣ ጥሩ ማቀዝቀዣና ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰው አመኔታ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ሰው እናስብ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ ቤት የላቸውም። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ፣ አልጋ ከአልጋ ተጠጋግቶ በተደረደረበት የመጠለያ አዳራሽ ውስጥ ያድራሉ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2020 ነው። በሚያዝያ ወር የአፍንጫ ናሙና ሰጡ፤ ኮሮና ተገኘባቸው፤ ወደ ለይቶ ማቆያ ሄዱ፤ አገግመው ወደ አልጋቸው ተመለሱ። በሐምሌ እንደገና ተመረመሩ፤ ውጤቱ አሁንም ቫይረሱ አለባቸው ይላል። ትኩሳት የለም፤ ትንሽ ያስላቸዋል፤ ሳሉ ግን ክረምት ከበጋ የማይለቃቸው ነው።

እንግዲህ የመጠለያው ነርስ ምን ታድርግ? ይህ ቫይረስ ከሚያዝያው የቀረ ርዝራዥ ከሆነ እኚህን አባት ከአልጋቸው አንሥቶ እንደገና ለብቻቸው መዝጋት ግፍ ነው። አዲስ ከሆነ ግን ከአንድ ሰው የተቀበሉት ስለሆነ ያ ሰው ምናልባት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ማታም እዚያው ያድራል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የስንት ሰው ጤና እንደሆነ ገምቱት።

የተለመደው ምርመራ፣ ፒ.ሲ.አር የምንለው፣ ይህን ጥያቄ አይመልስም። ሥራው የቫይረሱን የዘረመል ቁራጭ ፈልጎ ማብዛትና «አለ» ወይም «የለም» ማለት ነው። የተገኘው ቁራጭ ሕይወት ካለው ቫይረስ የመጣ ይሁን ከሞተ ቫይረስ ስብርባሪ አይለይም። አብዛኛው በኮሮና የተያዘ ሰው ምልክት ከታየበት ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላ በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም፤ ስብርባሪው ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው «አለ» ብቻውን ብዙም አይናገርም። መናገር የሚችለው የቫይረሱ ጂኖም ነው፤ ማለትም ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የተነበበው የዘረመሉ ጽሑፍ።

የኮሮና ቫይረስ ጂኖም ወደ 29,900 የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ፊደላቱ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ሕዋስ ገብቶ ራሱን ሲያባዛ ይህን ጽሑፍ ደጋግሞ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ ይስታል። የብራና መጻሕፍታችንን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ጠባይ በደንብ ያውቁታል። ቁም ጸሐፊው ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ግድፈት ይዞት ይሄዳል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሁለት ዳዊቶችን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው፣ የጋራ ግድፈታቸውን እያየ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ወረደ ይናገራል። የቫይረስ ተመራማሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሲሄድ በወር በአማካይ ሁለት ፊደል ያህል ይለወጥ ነበር። ለውጡ ጥቂት ቢሆንም ዘር ለመቁጠር በቂ ነው።

ንባቡ እንዴት እንደሚካሄድ ጥቂት ቀረብ ብለን እንየው። ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና በትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ላቦራቶሪ ይደርሳል። እዚያ የቫይረሱ ዘረመል ከሰውየው ሕዋስና ከአክታው ተለይቶ ይወጣል። የኮሮና ዘረመል አር.ኤን.ኤ ስለሆነ በቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዲ.ኤን.ኤ ይገለበጣል። ከዚያ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚከተሉት መንገድ፣ ጽሑፉን ጫፍና ጫፋቸው በሚደራረብ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ፊደል በሚሆኑ ቁርጥራጮች ከፍሎ ማብዛት ነው። ቁርጥራጮቹ በማንበቢያ መሣሪያ ይነበባሉ፤ ኮምፒውተር እንደገና ይገጣጥማቸዋል። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ በመዳፍ የሚያዙ ናቸው።

በናሙናው ውስጥ ያለው ቫይረስ ጥቂት ከሆነ ግን አንዳንዱ ቁራጭ አይበዛም። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በጎደለው ቦታ ላይ «ኤን» የምትል ፊደል ይደረድራል፤ ትርጉሟ «እዚህ ጋ አላየሁም» ነው። አንድ ተመራማሪ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጂኖም ከላይና ከታች አድርጎ ሲያወዳድር፣ የላይኛው ሙሉ ሆኖ የታችኛው ግማሹ «ኤን» ሊሆን ይችላል። ልዩነት የሚታይበት ቦታ ሁሉ ባዶ ከሆነ አንድ ናቸው ማለትም ይለያያሉ ማለትም አይቻልም። በዳግም መያዝ ጥናት ውስጥ ብዙ ተስፋ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ሰው በኮሮና ሁለት ጊዜ ሊያዝ እንደሚችል በጂኖም የተረጋገጠው በነሐሴ 2020 ነበር። የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች አንድ የ33 ዓመት ሰው በመጋቢት ወር ታምሞ እንደ ዳነ፣ ከአውሮፓ ሲመለስ ደግሞ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ በተደረገ ምርመራ ቫይረሱ እንደገና እንደ ተገኘበት አሳወቁ። በሁለቱ መካከል 142 ቀናት አሉ። ሁለቱ ጂኖሞች በ24 ፊደላት ይለያያሉ። በሁለተኛው ጊዜ ሰውየው ምንም አልተሰማውም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ከአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ሌላ ዘገባ ታተመ። የ25 ዓመት ወጣት ነው፤ በሚያዝያ ቫይረሱ ተገኝቶበት ድኗል፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ተብሏል፤ ከ48 ቀን በኋላ ግን እንደገና ተያዘ። የሁለተኛው ሕመም ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ኦክስጅን አስፈልጎት ሆስፒታል ገብቷል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የፊደል ልዩነት መቁጠር ብቻውን አያዋጣም። በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው ያንኑ አንድ ቫይረስ ለወራት ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያለ ከልካይ እየተገለበጠ ብዙ ፊደል ይለውጣል፤ ላየው ሰው አዲስ ይመስላል። ስለዚህ ተመራማሪው የሚጠይቀው «ስንት ፊደል ተለወጠ?» ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጂኖም ከፊተኛው የወረደ ነው? ወይስ በዚያ ሰሞን በከተማው ሲዘዋወር ከነበረ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ነው? ይህን ለማወቅ የሰውየው ሁለት ናሙናዎች አይበቁም፤ የከተማውም ናሙናዎች መነበብ አለባቸው። የሆንግ ኮንጉ ሰው ሁለተኛ ቫይረስ በዚያ በጋ አውሮፓ ውስጥ ከነበሩት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ባይገኝ ኖሮ መልሱ ያን ያህል ባልጸና ነበር።

ታዲያ ይህ ጥያቄ ስለ ቤት አልባ ሰዎች ለምን በተለይ ይነሳል? ምክንያቱ ከአልጋው ይጀምራል። በወረርሽኙ መጀመሪያ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ለመጠለያዎች የሰጠው ምክር፣ በአልጋዎች መካከል 6 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ገደማ ይኑር፣ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን የሚል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አዳራሹ አይለጠጥም። 2 ሜትር ከተተወ ግማሹ ሰው ደጅ ማደሩ ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2020 በአራት ከተሞች በሚገኙ 19 መጠለያዎች ምርመራ ተደረገ። በአትላንታ ከተመረመሩት ነዋሪዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው 4 በመቶ ናቸው። በሲያትል፣ ሰው መታመሙ አስቀድሞ በታወቀባቸው መጠለያዎች፣ 17 በመቶ። በቦስተን 36 በመቶ። በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ መጠለያ ውስጥ ከተመረመሩት 143 ነዋሪዎች መካከል 66 በመቶው። ሠራተኞቹም አልተረፉም፤ በቦስተን ከተመረመሩት ሠራተኞች 30 በመቶው ተይዘው ነበር።

የቦስተኑን ቁጥር ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በአንድ ትልቅ መጠለያ ውስጥ 408 ሰዎች ተመርምረው 147 ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከእነዚህ ከ147ቱ ትኩሳት የነበረባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሳል የነበረባቸው 7.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን በብዙ መጠለያዎች በር ላይ በጠመንጃ ቅርጽ የተሠራ የትኩሳት መለኪያ ይዞ የሚቆም ሰው ነበር። እንዲህ ያለ መለኪያ ከእነዚህ የቫይረሱ ተሸካሚዎች ሁሉንም ማለት ይቻላል አሳልፎ ወደ አዳራሹ ያስገባል። በምልክት ላይ የተመሠረተ ቅኝት ምን ያህል ዕውር እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ቦስተን ላይ እያለን ስለ ጂኖም ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ እኔን እጅግ የነካኝን ልንገራችሁ። የካቲት 26 እና 27 ቀን 2020 በከተማዋ አንድ ሆቴል ውስጥ ዓለም አቀፍ የንግድ ስብሰባ ተካሂዶ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ የአንድ ባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ኃላፊዎች ናቸው። ቫይረሱ በስብሰባው መካከል ተዛመተ። ቆየት ብሎ የብሮድ ኢንስቲትዩትና የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ከቦስተን አካባቢ የተሰበሰቡ 772 ጂኖሞችን አነበቡ። በስብሰባው ውስጥ የተዛመተው ቫይረስ መለያ ምልክት ነበረው፤ 2,416ኛው ፊደል ላይ «ሲ» የነበረው «ቲ» ሆኗል። ያችን አንዲት ፊደል እየተከተሉ ሲሄዱ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችና ከአሜሪካም ውጭ አገኟት። በቦስተን የቤት አልባዎች መጠለያ ውስጥም አገኟት።

እስቲ ልብ በሉ። ቤት የሌለው ሰው በየከተማው የበሽታ ምንጭ ተደርጎ ይታያል፤ ሰው አጠገቡ መቀመጥ ይፈራል፤ አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ያዞርበታል። ጂኖሙ የጻፈው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ በአውሮፕላን ከተጓዙና በሆቴል አዳራሽ ቡና ከጠጡ ሰዎች መካከል ተነሥቶ፣ በመሀል በስንት ሰው እጅ አልፎ፣ መሄጃ የሌለው ሰው አልጋ ድረስ ደረሰ። ተሰብሳቢው ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። መጠለያ ውስጥ ያለው ሰው ምኑን ይዝጋ?

(አጭር ሙዚቃ)

ከቦስተን ወደ አገሪቱ ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ሲያትል እንሻገር። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ከተማዋ ያለችበት የኪንግ ካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤት መረጃውን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። በዚያ አካባቢ መጠለያዎች ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ በ2019 መገባደጃ፣ ናሙና መሰብሰብ ጀምረው ነበር። የመጡት ለኢንፍሉዌንዛ ነው። ኮሮና ሲገባ ጠረጴዛውም ብልቃጡም ሠራተኛውም እዚያው ስለ ነበሩ መነሻ አላጡም። ከጥር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 24 ቀን 2020 ድረስ በ14 መጠለያዎች በ1,434 ናሙናዎች ላይ ምርመራ ተደርጎ 29 ሰዎች ላይ ኮሮና ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ 86 በመቶው የሚተኙት በጋራ አዳራሽ ነበር።

ስለ ዳግም መያዝ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ከዚያው ጥናት የወጣው የጉንፋን ታሪክ ነው። ጉንፋንን ማን ይቆጥረዋል? ትላላችሁ። እነሱ ቆጠሩት። ራይኖቫይረስ የሚባለው ዋነኛው የጉንፋን ቫይረስ ከጥቅምት 2019 እስከ ግንቦት 2021 በየወሩ፣ አንድም ወር ሳይዘል፣ በመጠለያዎቹ ውስጥ ተገኝቷል። በድምሩ 1,066 ናሙናዎች ውስጥ ነበር። ከተማው ቤቱን ዘግቶ፣ ጭምብል አድርጎ፣ ኢንፍሉዌንዛ እንኳ በጠፋበት ወቅት ራይኖቫይረስ መጠለያውን አልለቀቀም። ከሁሉ በላይ የበዛው ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በሚያድሩባቸው መጠለያዎች ነው።

ጥያቄው ታዲያ ያው ነው። በመጠለያ ያለች እናት «ልጄ ከመስከረም ጀምሮ ጉንፋን አልለቀቀውም» ስትል፣ ያልለቀቀው አንድ ጉንፋን ነው ወይስ እየተከታተለ የሚመጣ ብዙ? ተመራማሪዎቹ ከናሙናዎቹ 131ዱን መርጠው ጂኖማቸውን አነበቡ። በ131 ናሙናዎች ውስጥ 33 የተለያዩ የራይኖቫይረስ ዓይነቶች ወጡ። እያንዳንዱ ዓይነት ቢበዛ ለአራት ወር ያህል ታይቶ ይጠፋል፤ ሌላ ይተካዋል። የራይኖቫይረስ ዓይነት በጠቅላላው ከ160 በላይ ነው፤ ለአንዱ የተገኘ የመከላከል አቅም ለሌላው እምብዛም አያገለግልም።

እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። መጠለያው ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር አንድ ክፉ ቫይረስ የለም። ከውጭ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከአውቶቡሱ፣ ከሠራተኛው፣ ከጎብኚው ጋር አዳዲስ ቫይረስ ሁልጊዜ ይገባል፤ በሁላችንም ቤት እንደሚገባው። ልዩነቱ አንድ ሰው ይዞት ሲመጣ አብሮት የሚተነፍሰው ሰው ብዛት ነው። «የእነሱ ሰውነት ደካማ ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል ከፊል እውነት አለው፤ ስኳር፣ አስም፣ የሳንባ ሕመም፣ የእንቅልፍ እጦት በጎዳና ኑሮ ይበዛል። የ33ቱ ዓይነት ቫይረስ መፈራረቅ ግን በሰውየው ሰውነት ብቻ አይገለጽም። የክፍሉ ጉዳይ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደ አነሣናቸው አባት ጥያቄ ስንመለስ፣ በእሳቸው ጉዳይ መልስ ማግኘት ለምን እንደሚከብድ እንይ። ሁለተኛውን ቫይረስ ማንበብ ቀላል ነው፤ ሰውየው ፊት ለፊታችን ናቸው። የሚጠፋው የመጀመሪያው ናሙና ነው። የሚያዝያው ብልቃጥ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ተጥሎ ይሆናል። ምርመራው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ብልቃጡ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ውስጥ ተቀምጦ ቢገኝ እንኳ የእሳቸው መሆኑን የሚያገናኝ መዝገብ መኖር አለበት። መታወቂያቸው ተሰርቋል፤ ስልክ ቁጥራቸው በየወሩ ይለወጣል፤ በአንዱ መጠለያ ስማቸው በአንድ መልክ ተጽፏል፣ በሌላው በሌላ መልክ። በሚያዝያ የተኙበት መጠለያና በሐምሌ የተኙበት አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ቤት አልባ ሰዎች ዳግም መያዝ የሚወጣ ማናቸውም ቁጥር ዝቅ ያለ ግምት ነው ብዬ አምናለሁ። የማይታዩት ደግሞ ብዙ የሚንከራተቱት ናቸው፤ ይኸውም ለሕመሙ ይበልጥ የሚጋለጡት።

በዚህ ላይ የ90 ቀን ደንብ ነበር። ኮሮና ይዞት የዳነ ሰው ምልክት ካልታየበት ለሦስት ወር እንደገና አይመርመር ይባል ነበር፤ ስብርባሪው እያሳሳተ ሰውን በከንቱ እንዳያስር። ምክንያቱ በጎ ነው። ግን የኔቫዳው ወጣት የተያዘው በ48ኛው ቀን ነበር። ከመቶ ሰው ጋር በሚታደርበት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ወር ረጅም ጊዜ ነው። በኋላ፣ በኅዳር 2021 ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ ዳግም መያዝ ተራ ነገር ሆነ። በበጋ በዴልታ ዝርያ፣ በጥር በኦሚክሮን የተያዘን ሰው ለመለየት የዝርያው ስም ብቻ ይበቃል፤ ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም። አስቸጋሪው በአንድ ዝርያ ዘመን ውስጥ ሁለቴ መያዝ ነው።

ይህ ጥያቄ በኮሮና ብቻ የሚቆም አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ በአብዛኛው በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን የሚድን የጉበት ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። መርፌ ተጋርተው አደንዛዥ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች ከሕክምና በኋላ ቫይረሱ ቢመለስባቸው፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው ወይስ ሠርቶ አዲስ ተያዙ? የመጀመሪያው ከሆነ መድኃኒት ይለወጣል፤ ሁለተኛው ከሆነ እንደገና ታክመው ንጹሕ መርፌ ያገኛሉ። ይህንንም የሚለየው የጂኖም ንባብ ነው። በአገራችንም የሳንባ ነቀርሳ ሐኪሞች መድኃኒቱን ጨርሶ ከዓመት በኋላ እንደገና ስለሚያስል ሰው ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ የድሮው አገረሸ ወይስ ሌላ ያዘው?

የመጨረሻው ነገር አመኔታ ነው። ናሙና የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ተመዝግቦ ብዙ ጊዜ የተረሳ ሰው ነው። «ይህ ነገር ለፖሊስ ይደርሳል ወይ? አልጋዬን ያስነጥቀኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ሊመለስለትም ይገባል። ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙና የሚነበበው የቫይረሱ ጽሑፍ ነው፤ በናሙናው ውስጥ አብሮ የሚገኘው የሰውየው የራሱ ዘረመል ግን ተለይቶ መወገድ አለበት፤ ይህም በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሌላም አለ። ሁለት ሰዎች ፍጹም አንድ የሆነ ጂኖም ቢገኝባቸው እንኳ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ጂኖሙ ብቻውን አይናገርም፤ ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው ተቀብለውት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ውጤት ይዞ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ብሎ በአንድ ሰው ላይ ጣት የሚቀስር የሳይንሱን ወሰን አያውቅም። የፍሳሽ ውኃ ናሙና እንዲወሰድ የሚመክሩም አሉ፤ ስም አያስፈልገውም፤ በሕንፃው ውስጥ የትኛው ዝርያ እንዳለ ያሳያል። ያ መልካም ነው፤ ሆኖም ማን ሁለቴ እንደ ተያዘ አይነግርም።

ከአድማጮቻችን መካከል በመጠለያ የምትሠሩ፣ በተለይ በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ እንደምትኖሩ አስባለሁ። ተመራማሪዎች ናሙና ሊወስዱ ሲመጡ ሦስት ነገር ጠይቁልን። ናሙናው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? የሰጪውን ስም ማን ያያል? ውጤቱ ለመጠለያው የሚደርሰው በስንት ቀን ነው? የጂኖም ውጤት በሁለት ወሩ ከመጣ ለመጽሔት ጽሑፍ ይጠቅማል፤ በዚያ አዳራሽ ላደረው ሰው ግን አልፏል። በሳምንት ውስጥ ከደረሰ ግን የትኛው አልጋ ይራቅ፣ የትኛው መስኮት ይከፈት፣ ክትባትና ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ያገለግላል። የእናንተም ናሙና አብሮ ይወሰድ። በቦስተን የሠራተኛው 30 በመቶ ተይዞ እንደ ነበር አስታውሱ፤ ሠራተኛው ደግሞ ሲነጋ ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

የሚያድሩበት ክፍል ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የታየበት አጋጣሚም አለ። በ2020 ጸደይ የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር ከተጨናነቁ መጠለያዎች ከ700 በላይ ሰዎችን አውጥቶ ወረርሽኙ ባዶ ባደረጋቸው ሆቴሎች ውስጥ አኖራቸው። ክፍል፣ የሚዘጋ በር፣ መታጠቢያ ተሰጣቸው። አንደኛው ሆቴል ከሲያትል በስተደቡብ ሬንተን በምትባል ከተማ ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ሲገመግሙት የቫይረሱ መዛመት በሆቴሎቹ ውስጥ እንደ ተገታ አዩ። ሰዎቹ እንቅልፍ አገኙ፤ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት አገኙ፤ ጠዋት ተነሥተው ቀጠሮአቸውን ማሰብ ጀመሩ። ጸቡና የድንገተኛ እርዳታ ጥሪውም ቀነሰ።

ነገር ግን ሆቴሉ ጊዜያዊ ነበር፤ የሬንተን ከተማ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ተቃውሞ አንሥቶበታል። በአሜሪካ በጥር 2020 በአንዲት ሌሊት በተደረገው ቆጠራ ቤት የሌላቸው ሰዎች ወደ 580 ሺህ ነበሩ፤ በጥር 2024 ከ771 ሺህ በላይ ሆነዋል። ቫይረሱ አልቆመም፤ በየክረምቱ የተለወጠ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ አዳራሹም አለ። ናሙናዎቹን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ፣ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከሁለተኛው ጋር የሚያገናኝ፣ ውጤቱን በሳምንት ውስጥ ለመጠለያው ነርስ የሚያደርስ ሥርዓትም ያስፈልጋል። በየትኛውም ከተማ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ የከተማችሁ ጤና ቢሮ ዘንድሮ በመጠለያዎች ውስጥ ናሙና ይወስድ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የሚመልሱላችሁንም ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነበዋለን።